ፕራክቲከም ልጆች ተመድበውልኛል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሦስት ዕጩ መምህራን መጡ። ርዕሰ መምህራችን «ጎበዝ ስለሆንሽ አማካሪያቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሥልጠና አልተሰጠኝም፤ የያዝኩት አንድ የምዘና ቅጽ ብቻ ነው። አንዷ ልጅ ክፍል ስትገባ ድምፅዋ አይሰማም፣ ተማሪዎቹም ይንጫጩባታል። ብነግራት የምታለቅስ ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ ልጆቼ ይጎዱብኛል። አንዱ ኮሌጅ የተማረውን ሁሉ ካልሞከርኩ ይላል፤ ክፍሌ ውስጥ ግን 60 ተማሪ አለ። ማርኩንስ እንዴት ነው የምሰጠው? እኔንስ ማን ያግዘኛል?

መልስ፦ መምህርት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አብዛኛው አዲስ አማካሪ እሱን ጥያቄ አያነሳም። «ጎበዝ ነሽ» ከተባለ በኋላ ማን ደፍሮ «እኔ ይሄን ሥራ አላውቀውም» ይላል? ይሉኝታ ይይዛል። ግን እኮ ልጆችን ማስተማርና ሌላ ሰው አስተማሪ እንዲሆን መርዳት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ይችሉበታል። ሁለተኛውን እንደማንኛውም ሙያ መማር አለብዎት፤ ለመማር ደግሞ ጊዜና አጋዥ ያስፈልጋል። እንግሊዞች በ2016 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤት ላሉ አማካሪ መምህራን ብቻ የሚያገለግል፣ አስገዳጅ ያልሆነ ብሔራዊ መመዘኛ አውጥተዋል። ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ስላመኑ ነው።

በእኛ አገር ፕራክቲከም፣ ማለትም ዕጩ መምህራን ትምህርት ቤት ገብተው የሚለማመዱበት ሥልጠና፣ ሰፊ ቦታ ያገኘው በ2003 እ.ኤ.አ. በመጣው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ፣ ቴሶ ብለን በምናውቀው ነው። ዕጩው ኮሌጅ ቁጭ ብሎ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ከሚሰማ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሠልጥን ተባለ። ትክክል ነው። በዚያው ግን የሥልጠናው ከባዱ ክፍል ወደ እናንተ ትከሻ ተሻገረ። ክፍለ ጊዜያችሁ አልቀነሰም፣ የክፍሉም ተማሪ አላነሰም። ስለዚህ አሁን የጨነቀዎት ነገር የእርስዎ ድክመት አይደለም።

እንግዲህ ድጋፍ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን «አግዙኝ» ብቻ አይበሉ፤ አለቃ እንዲህ ያለውን ጥያቄ «አይዞሽ» ብሎ ይሸኘዋል። ቁርጥ ያለ ነገር ይዘው ይግቡ። ከርዕሰ መምህሩ ሁለት ነገር ይበቃዎታል። አንደኛ፣ እርስዎና ዕጩዎቹ በሳምንት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ አብራችሁ ነፃ እንድትሆኑ ፕሮግራሙ ይስተካከል። ፕሮግራም የሚያወጣው ምክትሉ ከሆነ ወረቀቱን ይዘው እሱ ጋ ይሂዱና የትኛው ክፍለ ጊዜ ከየትኛው ቢቀያየር እንደሚሆን ራስዎ ያሳዩት። ሁለተኛ፣ ዕጩዎቹ የቀረ መምህር መሙያ አይሁኑ። ያውቁታል፤ አንድ ሰው ከቀረ «ፕራክቲከሞቹ ይግቡ» ይባላል። ሮስተር መሙላትም፣ የፈተና ወረቀት ማረምም እነሱ ላይ ይወድቃል። አልፎ አልፎ ቢያግዙ ምንም አይደለም። ያለ ዝግጅት፣ የሚያያቸው ሰው በሌለበት፣ የማያውቁት ክፍል ውስጥ ሲወረወሩ ግን የሚማሩት ክፍለ ጊዜ መግደልን ነው።

ከኮሌጁ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁ። ዕጩዎቹን የሚከታተለው የኮሌጁ ሱፐርቫይዘር ለምዘና ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት አንድ ቀን ይምጣና አንድ ክፍለ ጊዜ አብራችሁ ተመልከቱ። ቅጹን ለየብቻ ሙሉት። ከዚያ አስተያዩት። እርስዎ «የክፍል አያያዝ» ለሚለው 4 ሰጥተው እሱ 2 ከሰጠ፣ ለምን እንደሆነ ስትነጋገሩ ቅጹ ምን እንደሚል የዚያን ጊዜ ይገባዎታል። ያች ግማሽ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ቀን ከሚሰጥ ሥልጠና ትበልጣለች። አበል የላትም እንጂ። መምጣት ካልቻለ በስልክም ቢሆን ይነጋገሩ። በጉድኝት ማዕከላችሁ ካሉ ትምህርት ቤቶችም የእርስዎ ዓይነት አማካሪዎች አይጠፉም፤ የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅብናል። ብዙዎቻችን ፖርትፎሊዮውን የምንሞላው ሰኔ ላይ እየተንደረደርን ነው። አማካሪነቱን ዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡት። የምልከታ ማስታወሻዎን፣ የውይይት ነጥቦችዎን ያስቀምጡ። የምር ሙያ ያሻሻሉበት ሥራ ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

አሁን ወደ ዕጩዎቹ እንምጣ።

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተዋውቋቸው ያስቡበት። «ይቺ ከኮሌጅ ለልምምድ የመጣች ናት፤ እንዳትረብሿት» ካሉ አለቀ። ተማሪው በቃ፣ እውነተኛ አስተማሪ አይደለችም ብሎ ይይዛል። «መምህርት እገሊት ትባላለች፤ ከእኔ ጋር ታስተምራችኋለች» ይበሉ። ተማሪ ፊት በስሟ ብቻ አይጥሯት፤ በዕድሜ ታናሽዎ ብትሆንም መምህርት ይበሏት። ስታፍ ውስጥ ስትገቡ አንቺ መባባል ይቻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ምልከታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይባክናል። ዕጩዎቹ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ደብተር ይገልጣሉ፣ «መምህሯ ሰላምታ ሰጠች፣ ያለፈውን ከለሰች» ብለው ይጽፋሉ። ያን እኮ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያዩት ኖረዋል። ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳሰላው አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ እስኪጨርስ ወደ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራንን ሲመለከት ይቆያል። ያየው ግን የሚታየውን ብቻ ነው። እንጀራ ሲጋገር እያየ ያደገ ሁሉ ምጣዱ መስማቱን አያውቅም። መምህሯ ለምን ያንን ልጅ መርጣ እንደጠየቀች፣ ለምን ድንገት ምሳሌውን እንደቀየረች፣ ለምን ድምፅዋን ዝቅ እንዳደረገች ከወንበር ሆኖ አይታይም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ምልከታ አንድ ሥራ ብቻ ይስጡ፦ ዛሬ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን እንደተጠየቀ፣ የትኛው ረድፍ እንደተረሳ ብቻ ይመዝግቡ። ነገ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ብቻ ያጥኑ። ከዚያ ከክፍል ስትወጡ በሆድዎ ያሰቡትን ያውጡት። «ያንን የመስኮት ጋ ልጅ የጠየቅኩት መልሱን ያውቃል ብዬ አይደለም፤ ሲሳሳት ስህተቱ የብዙዎቹ ስለሆነ ነው» ይበሏቸው። ለእርስዎ ተራ ነገር ነው፤ ሳያስቡት የሚያደርጉት። ለእነሱ ግን ትልቁ ትምህርት እሱ ነው። ማንም አማካሪ ሊሰጥ ከሚችለው ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይሄንን ነው። ያልሆነልዎትንም ክፍለ ጊዜ እንዲሁ ይንገሯቸው።

ዕጩዎቹ ከምልከታ ቀጥታ ወደ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይዝለሉ። መጀመሪያ የቤት ሥራ እርማቱን ብቻ ይያዙ። ከዚያ አንዱን ምሳሌ። ከዚያ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ። ቀስ በቀስ ነው። እርስዎም ክፍሉ ውስጥ ይቆዩ። አንዳንድ አማካሪ ፕራክቲከም ሲመጣለት ዕረፍት የወጣ ይመስል ጉዳዩን ሊያስፈጽም ይሄዳል። እርስዎ እንደዚያ እንዳልሆኑ ከጥያቄዎ ያስታውቃል።

ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ። ፍራንሲስ ፉለር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. እንደጻፈችው ጀማሪ መምህር መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ራሱ ነው። ይሰሙኛል? ይንቁኛል? አማካሪዋ ምን ትለኝ ይሆን? ስለ ተማሪው መማር መጨነቅ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ይህን ካወቁ ልጅቷን ይረዷታል። አሁን «የዕለቱን ዓላማ ከምዘናው ጋር አላያያዝሽም» ቢሏት አይገባትም፤ ጆሮዋ ያለው ጫጫታው ላይ ነው። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ማለትም አይሠራም። የሚፈራ ሰው ጩህ ሲባል ወይ ይጮሃል ወይ ጭራሽ ይዘጋዋል።

የሚሠራው ትንንሽ ነገር ነው። የተማሪዎቹን ስም ትያዝ። የክፍል አለቃው የአቀማመጥ ንድፍ ይሥራላትና ሠንጠረዡን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥ። «አንተ ልጅ» ከማለትና «ዳዊት» ከማለት የቱ ጸጥ እንደሚያሰኝ ታየዋለች። በቤት ሥራ እርማት ጊዜ በረድፎቹ መሃል ትዙር፤ ይህ ድምፅ አይፈልግም፣ ከልጆቹ ጋር ግን ያቀራርባታል። ሰሌዳ ላይ እየጻፈች አታውራ፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ የጠፋው ወደ ሰሌዳው ስለሚነገር ነው። ጸጥታ ሳይኖር ደግሞ ትምህርት አትጀምር። ቆማ ትጠብቅ። ያቺ ዝምታ መጀመሪያ ላይ ታስፈራለች፤ እርስዎ ቀድመው በራስዎ ክፍለ ጊዜ ያሳዩዋት።

ተማሪ ሲፈትናት ዱላ እንድታነሳ የሚመክራት ሰው ስታፍ ውስጥ አይጠፋም። እርስዎ ቁርጥ አድርገው አይሆንም ይበሏት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እሷ በፍርሃት የጀመረችውን ልማድ ደግሞ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

ታለቅሳለች ያሉትን እንየው። የሚያስለቅሰው እውነቱ አይደለም፤ ብዙ እውነት በአንዴ ሲወርድ ነው፤ እሱም ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየሰማ። ከክፍል እንደወጣች በሩ ላይ አይያዟት። ትንሽ ትተንፍስ፣ ሻይ ትጠጣ። ቀኑ ሳያልፍ ግን ተቀመጡ። ሲቀመጡ አስተያየት ሳይሆን ማስታወሻ ይዘው ይቀመጡ። አንድ ምሳሌ ላሳይዎት። ትምህርቱ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው እንበል። የእርስዎ ደብተር ላይ እንዲህ ተጽፏል።

«3፡05፣ 1/2 + 1/3 ሰሌዳ ላይ ጻፈች። 3፡09፣ ‹ገባችሁ?› አለች። ሁሉም ‹አዎ!› አሉ። 3፡10፣ ጥያቄ ጠየቀች፤ ወዲያው ራሷ መለሰችው። 3፡14፣ እስካሁን አምስት ልጆች ተናገሩ፤ አምስቱም ፊት ወንበር ላይ ናቸው። 3፡20፣ መስኮት ጋ፣ ሦስተኛ ወንበር፣ ደብተሩ ላይ 1/2 + 1/3 = 2/5።»

እዚህ ውስጥ «ደካማ»፣ «ጥሩ» የሚል ቃል የለም። የሆነውን ብቻ ነው የጻፉት። አሁን «እንዴት ነበር?» አይበሏት። መልሷ ወይ «ጥሩ ነበር» ነው ወይ «ተበላሸብኝ» ነው፤ ሁለቱም የትም አያደርሱም። ይልቅ እንዲህ ይጀምሩ።

«ገባችሁ ስትያቸው አዎ አሉ። ስንቶቹ የገባቸው ይመስልሻል?»

«አብዛኞቹ።»

«ይሄን ደብተር እይው። እሱም አዎ ብሏል። ምን አስቦ ይመስልሻል?»

ትንሽ ታየዋለች። ይጠብቋት። «ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ደመረው» ትላለች።

«ክፍል ውስጥ እያለሽ ይሄን በምን ልታውቂ ትችዪ ነበር?»

«አንድ ጥያቄ ሰጥቻቸው ደብተራቸውን እየዞርኩ ባይ…»

«በቃ። ነገ እሷን ብቻ እንሞክር። እኔም የማየው እሷን ብቻ ነው።»

ይኸው ነው። ድምፅዋን፣ የሰሌዳ አጠቃቀሟን፣ ፊት ወንበሩን፣ ያልተሟላውን የትምህርት ዕቅድ ዛሬ አላነሱም። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም በየቀኑ ተራው ይደርሳል። ሰባት ነገር የተነገራት ልጅ ሰባቱንም ይዛ አታድርም። አንድ ከያዘች ነገ ትሞክራለች፤ ስትሞክር ደግሞ ይሆንላታል። እሱ ነው ፍርሃቱን የሚያስለቅቃት፤ «አይዞሽ» ብቻውን አያስለቅቅም። ሌላ ቀን ወዲያው ራሷ የመለሰችውን ጥያቄ ያንሱ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይታለች። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ የሚመልሱትም በዙ። ዕጩዋ በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቁጠር። እርስዎም ከእሷ ጋር ስትነጋገሩ እንዲሁ ያድርጉ። የአማካሪ ትልቁ ፈተና ወሬውን ሁሉ ራሱ መያዙ ነው።

ሁሉን ልሞክር ያለው ልጅ ደግሞ ዕድልዎ ነው። «ኮሌጅ የተማርከውን እርሳው፤ እዚህ ሌላ ነው» የሚሉት ሰዎች አሉ። አደራ፣ ይቺን አይበሉት። እንዲህ ከተባለ ልጁ የሚደርስበት ድምዳሜ የተማርኩት ሁሉ ለፈተና ነው የሚል ነው። ይልቅ «60 ልጅ ባለበት እንዴት እናድርገው?» ብለው አብረው ይቀመጡ። የቡድን ሥራ ከፈለገ፣ ወንበሩን ሲጎትቱ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ግን በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ከተቀመጡ የፊቶቹ ወደ ኋላ ይዙሩ፤ ስድስት ስድስት ሆኑ ማለት ነው። ለቡድኑ የሚሰጠው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፣ ሰዓቱም አምስት ደቂቃ። ማን እንደሚያቀርብ ደግሞ መጨረሻ ላይ እሱ በስም ይጥራ፤ አለበለዚያ ጎበዙ ሠርቶ አምስቱ ያዩታል። ካልሠራም በማግስቱ ለምን እንዳልሠራ ትነጋገራላችሁ። ምናልባት እርስዎም አንድ ነገር ይወስዱ ይሆናል።

ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ነገር ቢጻፍስ? ይህን ከመጀመሪያው ተስማሙበት። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። አነጋገር፣ አቀራረብ፣ ሰዓት አጠቃቀም ከሆነ ዝም ይበሉ፤ በኋላ ይነጋገሩበታል። የትምህርቱ ይዘት ከተሳሳተ ግን 60 ልጅ ስህተት ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። ከኋላ እጅዎን ያውጡና «መምህርት፣ ሁለተኛውን ምሳሌ ደግመን ብናየው?» ይበሉ። ቀድማችሁ የተስማማችሁበት ምልክት ስለሆነ ይገባታል፤ ራሷ ታርመዋለች፣ ክብሯም አይነካም። ተነስተው ጠመኔውን ከእጇ መውሰድ የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

ማርኩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይገድለናል። ልጁ ከሩቅ የመጣ ነው፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ ነው፣ በምን አንጀቴ ልጣለው ይባልና ሁሉም በከፍተኛ ውጤት ያልፋል። ከዚያ ያ ልጅ የሆነ ወረዳ ተመድቦ ብቻውን ክፍል ይገባል። በሌላ በኩል የሚመዝነው ሰው ፊት ማንም ችግሩን አይገልጥም። አንድሩ ሆብሰንና አንጂ ማልደሬዝ በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዝ ጀማሪ መምህራን ሲጽፉ ለመፍረድ የሚቸኩል አማካሪ የጀማሪውን መማርም ሆነ ደህንነት እንደሚጎዳ አሳይተዋል። እርስዎ ደግሞ ሁለቱንም ባርኔጣ እንዲያደርጉ ተገደዋል፤ አጋዥም ዳኛም ነዎት።

ማምለጫው ቀኖቹን መለየት ነው። ማርክ የሚሰጥበት ቀን ቀድሞ ይታወቅ፣ ከሁለት ቀን በፊት ለዕጩው ይነገረው። በሌላው ቀን ቅጹ ከቦርሳ አይውጣ። ቅጹንም በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ «የተማሪዎችን ተሳትፎ ያበረታታል» የሚለው ክፍል ውስጥ ምን ሲሆን ነው 5 የሚያሰጠው? ከነምሳሌው ይስማሙ። ውጤቱን ሲሞሉ ከደብተርዎ ማስታወሻ ተነስተው ይሙሉ፤ ከአጠገቡም ለምን እንደሆነ አንድ መስመር ይጻፉ።

ከሦስቱ አንዱ የምር የማይሆንለት ከሆነ እስከ መጨረሻው አይጠብቁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ለራሱ ይንገሩት፤ ምን እንደጎደለና እስከ መቼ ምን መታየት እንዳለበት ለይተው። በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘሩ ይደውሉ፣ የተነጋገራችሁትንም በአጭሩ በጽሑፍ ይላኩለት። የመጨረሻው ቀን ላይ ሱፐርቫይዘሩም ልጁም ከእርስዎ አዲስ ነገር መስማት የለባቸውም።